17 ዓመቱ የት ሄደ?

ደብዳቤው ይኸው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቀን ፋርማሲ ውስጥ እየሠራሁ ማታ ማታ ልቦለድ የምጽፍ የ28 ዓመት ልጅ ነኝ። የምጽፈው ፋንታሲ ነው። ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ለምለም የምትባል የ9 ዓመት ልጅ፣ አያቷ ዜማ እያሰሙና ቃጭል እየመቱ አንድ ዘንዶ አስተኝተው ሐይቅ ውስጥ ሲዘጉበት ታያለች። በሁለተኛው ክፍል 26 ዓመቷ ነው፤ ዘንዶው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሦስተኛው ክፍል ከዚያ 300 ዓመት በኋላ ነው። ችግሬ መሃሉ ነው። መጀመሪያ ‹ከ17 ዓመት በኋላ› ብዬ ጀመርኩት። ወንድሜ አንብቦ ‹17 ዓመቱ የት ሄደ?› አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ልጅነቷን፣ ትምህርቷን፣ የእናቷን ሞት፣ ገዳም የቆየችበትን፣ ሁሉንም ጻፍኩት። 140 ገጽ ሆነ። አሁን ደግሞ ጓደኛዬ 30ኛው ገጽ ላይ ደበረኝ ብላ አቆመች። 300 ዓመቱንማ እንዴት እንደማሻግረው አላውቅም። የመጀመሪያውን ክፍል 10 ገጽና የሁለተኛውን መግቢያ አያይዣለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልተወው እንዴ? መሃሉ የጠፋባት፣ ከአዳማ።»

እህቴ፣ አትተዪው። ሁለት ዓመት ለልቦለድ ምንም አይደለም።

በመጀመሪያ ደረጃ ወንድምሽና ጓደኛሽ አልተቃረኑም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወንድምሽ «17 ዓመቱ የት ሄደ?» ሲል ዓመቶቹን አንድ በአንድ አምጪልኝ ማለቱ አይደለም። አንቺ ግን ገንዘብ እንደጎደለበት ሒሳብ ያዥ ደነገጥሽ። ደረሰኝ በደረሰኝ ቆጥረሽ አስረከብሽው። እሱ ማየት የፈለገው ዓመቶቹ ለምለምን ምን እንዳደረጓት ነው።

እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ከዓረብ አገር ከ9 ዓመት በኋላ ተመለሰች። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እኔም ነበርኩ። ማንም «ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ ንገሪን» አላላትም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ ትንሽ ተወራ። እናትየዋ ሁለተኛውን ስትቀዳ በር ተንኳኳ። ልጅቷ ሲኒዋን እንደያዘች ብድግ አለች። ማንም አላዘዛትም። ሄዳ ከፈተች፣ ወደ ጎን ቆመች፣ አንገቷን ደፍታ እንግዳውን አሳለፈች። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ቤቱ ፀጥ አለ። እናትየዋ «ተቀመጪ እንጂ ልጄ፣ ቤትሽ እኮ ነው» አለቻት። ዘጠኙን ዓመት እዚያች ደቂቃ ላይ አየነው።

የዘለልሽው ጊዜ እንዲህ ነው የሚነበበው። ሰውየው ላይ፣ ቤቱ ላይ፣ እጁ ላይ።

ይሄን ጥበብ የድሮ ተራኪዎች አሳምረው ያውቁታል። የአቤሜሌክን ታሪክ ታስታውሺው ይሆናል። ትንቢተ ኤርምያስ ውስጥ ነቢዩን ከጉድጓድ በገመድ ጎትቶ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ማለቴ ነው። ተረፈ ባሮክ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ኢየሩሳሌም ልትጠፋ ስትል ኤርምያስ በማለዳ ይልከዋል፤ ለበሽተኞች የሚሆን በለስ ከእርሻ ለቅመህ አምጣ ብሎ። አቤሜሌክ በለሱን በቅርጫት ይዞ ሲመለስ ፀሐዩ ይከብደዋል። ዛፍ ሥር አረፍ ይላል። ራሱን ቅርጫቱ ላይ አስደግፎ ያንቀላፋል። 66 ዓመት ይተኛል።

ሲነቃ ምን እንደሚያስብ ልብ በይ። ራሴን ከብዶኛል፣ እንቅልፌን አልጠገብኩም፣ ትንሽ ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር ይላል። ግን ኤርምያስ እንዳይቆጣው ይፈራል፤ በጠዋት ነውና የላከው። ቅርጫቱን ከፍቶ ያያል። በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። ተነስቶ ከተማ ይገባል፤ ቤቱን አያውቀውም፣ ሰውም አያውቅም። መንገድ ሳትኩ ይላል። ይወጣና ከውጭ ሆኖ ምልክቶቹን ያያል። ምልክቶቹ የከተማዋ ናቸው። ተመልሶ ይገባል፤ አሁንም የሚያውቀው የለም። በመጨረሻ ከእርሻ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ያገኝና ኤርምያስ የት አለ ብሎ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው ኤርምያስ ከሕዝቡ ጋር ባቢሎን ነው ሲለው አቤሜሌክ አያምንም። ሽማግሌ ባትሆን ኖሮ እስቅብህ ነበር ይለዋል። ማስረጃ ብሎም በለሱን ያሳየዋል። ሽማግሌው በለሱን ያይና ወደ ማሳው ይጠቁመዋል። ቡቃያው ገና ነው፤ የበለስ ወቅት አይደለም።

ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እቀናለሁ። ተራኪው ዘመኑን ለእኛ አስቀድሞ ይነግረናል፤ አቤሜሌክ ግን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የያዘን በአንድ ቅርጫት ነው። ከተማው፣ ሰዉ፣ ወቅቱ ሁሉ ሲለወጥ በለሱ ብቻ አልተለወጠም። ሁሉም ነገር ቢለወጥ ኖሮ ልዩነቱን በምን እንለካው ነበር? ደግሞ የአቤሜሌክን ጭንቀት እይው። አገር ጠፍቶ እሱ የሚፈራው ኤርምያስ ዘገየህ ብሎ እንዳይቆጣው ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ይስቅና ወዲያው ይከፋዋል።

የአንቺ በለስ ቃጭሉ ነው። ሳታውቂው ጽፈሽዋል። በላክሽልኝ 10 ገጽ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ለምለም ሙቀጫ ላይ ወጥታ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን ቃጭል በጣቷ ጫፍ ለመንካት ስትንጠራራ አያቷ የጮኹባት ቦታ ነው። ታዲያ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቃጭሉን ረሳሽው። መግቢያሽ እንዲህ ይላል፦

«ከ17 ዓመት በኋላ ለምለም ቆንጆና ብርቱ ወጣት ሆና ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እናቷ በሕመም ሞታ፣ አያቷም ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እሷም ገዳም ገብታ ጥበብ ተምራ ተመልሳለች።»

አትቀየሚኝና ይሄ ሲቪ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ይሆናል። ያው መረጃ፣ ያው ቤት፣ በሌላ መንገድ ልሞክረው፦

«ለምለም ቀና ብላ እንኳን ሳታይ እጇን ዘርግታ ቃጭሉን ከምሰሶው አወረደችው። ሙቀጫው ጥግ ላይ ተደፍቷል፤ ዶሮዋ ሰፍራበታለች። የእናቷ በርጩማ ላይ ሽንኩርት ተዘርግቷል። ‹ማነው?› አሉ አያቷ ከመደቡ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ።»

«17» የሚል ቁጥር የለበትም። «ሞተች» የሚልም የለም። ግን በርጩማ ላይ ሽንኩርት የሚዘረጋው የሚቀመጥበት ሰው ሲጠፋ ነው። አያትየው ማየት እንደተሳናቸው አንባቢ ራሱ ደረሰበት። ራሱ ስለደረሰበት ደግሞ አይረሳውም። ሲቪው ላይ ያነበበውን ግን ሁለት ገጽ ሳይሄድ ይረሳዋል።

ይሄ እንዲሠራ አንድ ግዴታ አለብሽ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ዘሩን መዝራት። ሙቀጫው፣ በርጩማው፣ ምሰሶው እዚያ በደንብ ካልታዩ እዚህ ሲለወጡ ማንም ልብ አይላቸውም። በርጩማውን 10ሩ ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። እናትየዋን አንድ ጊዜ አስቀምጫት። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽሮ ትልቀም፣ ጸጉር ትሥራ፣ ደስ ያለሽን።

ቁጥሩን ደብቂ እያልኩሽ ግን አይደለም። አንዳንድ ጸሐፊ ስንት ዓመት እንዳለፈ አልናገርም ብሎ አንባቢውን ሃምሳ ገጽ ሙሉ ያስቆጥራል። ያናድዳል። በሁለት ሦስት ገጽ ውስጥ ንገሪን፤ ብቻ ከሰው አፍ ይምጣ። ደግሞ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በቁጥር ብቻ አይደለም። አያቴን ዕድሜያቸውን ስትጠይቂያቸው «ጣልያን ሲገባ ጡት ጥያለሁ» ነበር መልሳቸው። የእሳቸው እናት ደግሞ ከኅዳር በሽታ ወዲህና ወዲያ ብለው ነበር ዓለምን የሚከፍሉት። ያ በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩን ግን አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም። የ77ን ድርቅ ያዩትም እንደዚያው ናቸው። የአንቺ መንደር ሰዎችስ በምን ይቆጥራሉ? «ሐይቁ በተዘጋ በሦስተኛው ክረምት ነው ያገባኋት» የሚል አንድ ጎረቤት ስጪኝ። ዘመኑም ዓለሙም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባሉ። ለፋንታሲ ጸሐፊ ይሄ በነፃ የሚገኝ ሀብት ነው። በየአራት ዓመቱ የሚዞሩትን ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስን አስቢያቸው፤ ዓመት ስም ሲኖረው ጠባይም ያለው ይመስላል። የገዳ ሥርዓትም በ8 ዓመት በ8 ዓመት ሥልጣን ያሸጋግራል፤ ዘመንን በአባ ገዳው ስም መጥራት ይቻላል። እነዚህን እንዳሉ ገልብጪ አላልኩም። ግን ዓመታቸውን በቁጥር ብቻ የሚጠሩ ሰዎች ቢሮ ውስጥ የተወለዱ ይመስሉኛል።

አሁን ደግሞ ከየት ላይ ነው የምትዘይው? ይሄ ካልተስተካከለ መግቢያው ምንም ቢያምር አይረዳሽም። የመጀመሪያው ክፍልሽ የሚያልቀው አያቷ ዘንዶውን ዘግተው፣ ሕዝቡ እልል ብሎ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ ነው። እኔም አብሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። አለቀ አይደል? ከዚያ 17 ዓመት ስትዘይ ለምን እከተልሻለሁ?

ክብረ ነገሥትን እይው። ንግሥቲቱ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ መንገድ ላይ ትወልዳለች። ልጁ አደገ ይልና ድንገት 12 ዓመቱ ላይ እናገኘዋለን። ለምን 12? አባቴ ማነው ብሎ የጠየቀው ያኔ ስለሆነ ነው። እናትየዋ ትቆጣዋለች፤ እኔ አባትህም እናትህም ነኝ፣ ሌላ አትፈልግ ትለዋለች። ልጁ ግን አይተዋትም። እየመላለሰ ሲጠይቃት አገሩ ሩቅ ነው፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው ትለዋለች። ቀጥሎ የምናየው 22 ዓመት ሲሆነው ነው፤ ፈረስ መጋለብና ውጊያ ተምሮ፣ አባቴን ሄጄ አያለሁ ሲል። አሥር ዓመት ዘለልን። ቅር ያለው አንባቢ ግን የለም። ጥያቄው አልተመለሰማ። አሥሩን ዓመት የተሸከመው ያ ጥያቄ ነው። ቀለበትም አለ፤ ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ለምልክት ሰጥቷት የነበረው። ልጁ ያንን ይዞ ይሄዳል። ጋዛ ሲደርስ ደግሞ ሰዎቹ ሰሎሞን ራሱ የመጣ ይመስላቸዋል፤ መልኩ ቁርጥ አባቱን ነው። ዓመቶቹ የሠሩት ሥራ ፊቱ ላይ ወጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ከእልልታው በፊት ቁረጪው። ወይም ከእልልታው በኋላ ለምለም አንድ ነገር ትጠይቅ፣ አያቷም አይመልሱላት። ለምሳሌ «አባባ፣ ቃጭሉ ቢሰበርስ?» ትበል። አያትየው ዝም ብለው በሩን ይዝጉ። ከዚያ 17 ዓመት ዝለዪ። እመኚኝ፣ እከተልሻለሁ።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። ዘንዶው 17 ዓመት ሙሉ ምን ይሠራ ነበር?

ይሄ ጥያቄ ትልልቆቹንም ጥሏቸዋል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተብሎ በቴሌቪዥን የታየውን ታሪክ የጻፈው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ሦስተኛውን ቅጽ ካወጣ በኋላ የ5 ዓመት ክፍተት ሊዘል አስቦ ነበር። ምክንያቱ የአንቺው ነው፦ ልጆቹ ገጸ ባሕርያት ማደግ ነበረባቸው። ጻፈውም። ለልጆቹ ሠራ። ትምህርት ላይ ያለ ልጅ 5 ዓመት ቢማር ማንም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ትልልቆቹ ጋ ግን ተበላሸ። ዙፋን ላይ ያለች ሴት፣ ጠላት ደጁ የቆመ አዛዥ፣ 5 ዓመት ሙሉ ምንም አልገጠማቸውም ሊል ነው? ገጠማቸው ካለ ደግሞ ያንን ሁሉ በትዝታ ወደ ኋላ እየተመለሰ መተረክ ሊኖርበት ነው። ትዝታው በዛ። በመጨረሻ የጻፈውን ጥሎ ክፍተቱን ሰረዘው። ሦስተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር የወጣው፤ አራተኛው በ2005፣ አምስተኛው በ2011 ወጣ። መዘግየቱ ሁሉ በዚህ የመጣ ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ዝላይ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳያል።

ከዚህ የወሰድኩት መለኪያ አለ። ክፍተት ልትከፍቺ ስትይ እያንዳንዱን ሰው በየተራ ጠይቂው፦ አንተ በእነዚህ ዓመታት ዝም ብለህ መቀመጥ ትችላለህ? ለምለም ትችላለች፤ ልጅ ናት፣ ታድጋለች። አያትየውም ይችላሉ፤ ይጠብቃሉ። ዘንዶውም ተኝቷል፣ ይሁንለት። ግን በላክሽልኝ ገጽ ላይ ዘንዶውን ማስፈታት የሚፈልግ አንድ ደጃዝማች አለ። ቃጭሉ የት እንደተሰቀለ ያውቃል። ፈረስ አለው፣ ጭፍራ አለው። ቤቱም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ 17 ዓመት ሙሉ ምን ነካው? ሽማግሌ፣ አንዲት ሴትና ሕፃን ብቻ ካሉበት ቤት አንድ ቃጭል መውሰድ አቅቶት ነው?

አየሽ፣ ወንድምሽ ሳያውቀው የነካው ቁስል ይሄ ነው። የጎደለው የለምለም ታሪክ ብቻ አልነበረም። ደጃዝማቹን እሰሪው፣ አገር ልቀቂበት፣ ወይም ቃጭሉን መንካት የማይችልበት ነገር ፍጠሪ። ከሁሉ የሚሻለው እንኳን እንዲህ ይመስለኛል፦ 17 ዓመት ሲሞክር ኖሯል። አያትየው ዓይናቸውን ያጡትም በእሱ ምክንያት ነው። ያኔ ክፍተቱ ባዶ አይሆንም። ከበስተጀርባው ጦርነት ሲካሄድ ነበር፤ እኛ የምናየው ጠባሳውን ነው።

አሁን ወደ 300 ዓመቱ። ይሄኛው ሌላ ፍጥረት ነው። 17 ዓመት በሰው ገላ ላይ ይታያል። 300 ዓመት ግን የሚያስታውስ ሰው አይተውም።

ዛሬ ላይ ሆነሽ 300 ዓመት ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ጎንደር ላይ አፄ በካፋን ታገኛለሽ። እዚህ የምሠራበት ቦታ ላይ አራት ሰው ስለ በካፋ ምን ታውቃላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱ «ራሳቸውን ሰውረው እንደ ተራ ሰው አገር ለአገር ይዞሩ ነበር» አሉኝ። አንዷ «የእቴጌ ምንትዋብ ባል» አለች። አራተኛው «ግንብ አላቸው አይደል?» አለኝ። አለቀ። አንድ ወሬ፣ አንድ ሚስት፣ አንድ ግንብ። ያውም ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ግንቡም እስከ ዛሬ ቆሟል። ለምለምን ማን ሊያስታውሳት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልስጥሽ። እኛ ዘር ስንቆጥር ሰባት ቤት እንላለን። አንድ ትውልድ 25 ወይም 30 ዓመት ብትይው ሰባት ቤት ከ175 እስከ 210 ዓመት ይሆናል። 300 ዓመት ከአሥር ትውልድ አያንስም። ዘሩን አጥርቶ የሚያውቅ ሽማግሌ እንኳን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ሦስተኛው ክፍል ላይ አንዱ ሰው ተነስቶ «ቅድመ አያቴ ለምለም ዘንዶውን…» ቢል አላምነውም። ስሟ እንዲታወቅ ከፈለግሽ 300ውን ወደ 180 አውርጂው። ስሟ ጠፍቶ ሥራዋ ብቻ እንዲቀር ከፈለግሽ 300 ትክክለኛ ቁጥር ነው። ዝም ብለሽ ትልቅ ቁጥር ስለሆነ እንዳትመርጪው። እኔ ብሆን 300ውን እይዘው ነበር።

ስሙ ጠፍቶ ምን ይቀራል? ዕቃ ይቀራል። ቁርኣን ላይ ባለው በአስሃቡል ከህፍ፣ በዋሻው ሰዎች ታሪክ፣ ወጣቶቹ ዋሻ ውስጥ 300 ዓመት ይተኛሉ፤ ዘጠኝ ዓመትም ይጨመርበታል። ሲነቁ ምን ያህል ቆየን ይባባላሉ። አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል ይሉና ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘብ አስይዘው ምግብ ግዛ ብለው ከተማ ይልኩታል። በትውፊቱ የሚያሳብቅባቸው ያ ገንዘብ ነው። ለእሱ የኪሱ ፍራንክ ነው። ለነጋዴው ግን የጠፋ ዘመን። አንድ ሳንቲም በሁለት ሰው እጅ ሁለት ዘመን ሆነች።

ቃልም ይቀራል። ግን እየተበላሸ። ግዕዝ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ስንት ዘመን ሆነው፤ ቅዳሴው ላይ ግን አለ። ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ዜማውን አንድ ሳያጎድል ያወርደዋል። ልጅ ሆኜ እኔም አወርደው ነበር። አንዳንዱን ቃል ለዓመታት በስህተት ስለው እንደኖርኩ ያወቅኩት አድጌ ነው። የማላውቀውን ቃል ወደማውቀው ቃል አስጠግቼው ነበር።

ለአንቺ ታሪክ የሚሆነው እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። አያትየው ዘንዶውን ሲያስተኙ የሚሉት ስድስት ስንኝ አለ አይደል? ከ300 ዓመት በኋላ ያንን ስንኝ ሴቶች ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይበሉት። ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። ቃጭሉም ፍየል አንገት ላይ ታስሯል። እና ከስድስቱ ስንኝ አንዱ ላይ አንድ ቃል ተበላሽቷል። ዘንዶው ሲነቃ ልጅቷ እያለቀሰች የምታውቀውን ብቸኛ ዘፈን ትዘፍናለች። አልተኛም። የመጀመሪያውን ክፍል ያነበበ ሰው ግን ትክክለኛውን ቃል ያውቃል! መጽሐፉን ይዞ «እንደዚያ አይደለም!» ብሎ ይጮኻል። 300 ዓመቱን የተሻገረው አንባቢው ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ክፍተቱ ራሱ ሥራ ይሠራልሻል።

ከፈለግሽ ውሰጂው። እኔ ዘንዶ ያለበት ነገር አልጽፍም።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። አንድ የሒሳብ ደብተር ግዢ። በግራ በኩል ዓመቶቹን ወደ ታች፣ ከላይ ደግሞ ስሞቹን ጻፊ፤ በየመገናኛው ዕድሜያቸውን ሙዪ። እንስሳቱንም ጨምሪ። እኔ በወጣትነቴ የጻፍኩት፣ አሁን ቁም ሳጥን ላይ ያለ አንድ ልቦለድ አለ። እዚያ ውስጥ ቡቺ የተባለ ውሻ 23ኛ ዓመቱ ላይ ሌባ አባርሮ ይይዛል። ያነበበልኝ ጓደኛዬ ዳር ላይ «ጡረታ አይወጣም?» ብሎ ጽፎልኛል። ተክሎቹንም አትርሺ። ቡና ተተክሎ ሦስት አራት ዓመት ሳይሞላው ፍሬ አይሰጥም፤ ይሄ ላንቺ ጥሩ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ምዕራፎቹ ላይ ቀን አትጻፊ። ክፍሎቹን በስም ለያቸው፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ገጽ ተዪ። ባዶ ገጽ ብዙ ይናገራል።

140ውን ገጽ አትቅደጂው። ያንን ባትጽፊው ኖሮ ለምለምን አታውቂያትም ነበር። ለአንቺ የተጻፈ ነው፣ ለእኛ አይደለም። ከውስጡ አንድ ነገር ብቻ አውጪ። የገዳሙን ዓመታት በሙሉ ሳይሆን፣ አንድ ሌሊት። የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ስትጽፊው እጅሽ የፈጠነበት ነው። እሱንም መግቢያው ላይ ሳይሆን ወደ መሃል፣ ለምለም ያንን ሌሊት ለማስታወስ ስትገደድ አግቢው። ሌላውን «ድሮ» የሚል ፋይል ውስጥ አኑሪው።

ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ምንም ሳትነግሪው ለወንድምሽ ስጪው። አንብቦ ቀና ብሎ «እናቷ ሞተች እንዴ?» ካለሽ ይዘሽዋል። «እናቷ የት ሄደች?» ካለሽ በርጩማውን ትንሽ ወደ ብርሃኑ ጎትቺው።